ልጆች ወዳሉበት እንሂድ ወይስ በአጥቢያችን እንቅር?

ሰው በጕልማሳነቱ ዘመን የሚኖርበትን ስፍራ የሚመርጥለት አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ነው። ገበሬውን እርሻው፥ ነጋዴውን ገበያው፥ መምህሩን የተመደበበት ትምህርት ቤት፥ ካህኑን የሚያገለግልበት ደብር ያስቀምጠዋል። ዕድሜው ስድሳ ደርሶ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ሲሰናበት፥ ወይም ጕልበቱ ደክሞ እርሻውን ለሌላ ሲያስረክብ ግን ጥያቄው ወደ ራሱ ይመለሳል። እስከ ዛሬ የኖርሁት ሥራዬ ባለበት ነው፤ ከእንግዲህስ የት ልኑር? ልጆቼ ወዳሉበት ልሂድ ወይስ በለመድሁት አጥቢያ ልቅር?

ይህ ጥያቄ ዛሬ በደብረ ታቦር ከተማና በደቡብ ጎንደር ደጋ፥ በፋርጣ፥ በእስቴ፥ በጋይንት፥ በስማዳና በእብናት፥ በብዙ ቤት ከእራት በኋላ ይነሣል። ባልና ሚስት እየተያዩ ዝም የሚሉበትም ጊዜ አለ፤ አንዱ መሄድን ሲመኝ ሌላው መቅረትን ይመኛልና። ልጆች በስልክ «ምን ትጠብቃላችሁ፥ ኑ እንጂ» ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ «አገራችሁን ጥላችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ» ይላል። እኛ ይህን ለመጻፍ የተነሣነው ለአንዱ ወገን ለመፍረድ አይደለም፤ የሚመካከሩ ቤተ ሰቦች ሊመዝኑት የሚገባውን ነገር በተራው ለማቅረብ ነው።

ጥያቄው ስለ ምን በረታ?

በአባቶቻችን ዘመን ነገሩ እንዲህ ብርቱ አልነበረም። ልጅ ጎጆ ሲወጣ ከአባቱ ማሳ ጥግ፥ ቢርቅም ከወንዙ ማዶ ነበር። እናት ስትታመም ምራቷ ትደርሳለች፤ የልጅ ልጆች ውኃ ይቀዳሉ፥ እንጨት ይለቅማሉ። ከዚያ በኋላ ግን መሬቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲከፋፈል እየጠበበ ሄደ፤ ትምህርት ቤትም በየቀበሌው ተከፈተ። የተማረ ልጅ ሥራ ወደሚገኝበት ይሄዳል እንጂ ሥራ ወደ እርሱ አይመጣም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሌላ አገር ልጆችን ወደ እኛ እንደሚያመጣ ሁሉ፥ የእኛም ልጆች ተምረው ወደ ሌላው አገር ይበተናሉ። እንዲህም ሆኖ ከአንዲት እናት ከተወለዱት አምስት ልጆች ሁለቱ በአዲስ አበባ፥ አንዱ በባሕር ዳር፥ አንዷ በዐረብ አገር፥ አንዱ በአሜሪካ ሲኖሩ፥ እናታቸው በፋርጣ ብቻዋን ከምድጃው ዳር ተቀምጣ ትገኛለች። ይህ የልጆቹ ጥፋት አይደለም። የእናትም ጥፋት አይደለም። ሂዱና ተማሩ ብለን የላክናቸው እኛው ነንና።

የከተማችን ታሪክ ራሱ የመሄድና የመቅረት ታሪክ ነው። ደብረ ታቦርን የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው፤ ከእርሳቸውም በኋላ የየጁ መሳፍንት፥ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ በየዘመናቸው ተቀምጠውባታል። ሁሉም መጥተው ሄደዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዪቱን አቃጥለው ሄዱ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በመቅደላ ሕይወታቸው አለፈ፤ ደብረ ታቦርንም ተመልሰው አላዩአትም። የንጉሥ ነገር ከተራ ሰው ኑሮ ጋር ባይመሳሰልም፥ ከኋላው ያለውን አቃጥሎ የሚሄድ ሰው መመለሻ እንደማይኖረው ግን ያስተምረናል። ከእሳቱ በኋላ ከተማዪቱን ያቆዩአት በየደብሩ ዙሪያ ጎጆአቸውን መልሰው የሠሩት ሰዎች ናቸው።

ሁለት አረጋውያን በመጽሐፍ ቅዱስ

በዚህ ጕዳይ ቅዱስ መጽሐፍ ሁለት ሽማግሎችን ያቀርብልናል፤ አንዱ ሄደ፥ ሁለተኛው ቀረ። ሁለቱም አልተነቀፉም።

የሄደው አባታችን ያዕቆብ ነው። ልጁ ዮሴፍ በግብፅ ከፍ ባለ ሥልጣን መሆኑን በሰማ ጊዜ ዕድሜው 130 ዓመት ነበር። ሠረገላ ተልኮለት ጕዞ ቢጀምርም ልቡ ሳይፈራ አልቀረም፤ ስለዚህ በቤርሳቤህ ቆሞ መሥዋዕት አቀረበ፥ እግዚአብሔርም እንዳይፈራ ነገረው። ነገር ግን ልብ ብለን ልናነበው የሚገባን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ዮሴፍ አባቱን በቤተ መንግሥት አዳራሽ ውስጥ አላስቀመጠውም። በጌሤም ምድር፥ ለመንጋው ግጦሽ በሚሆን ስፍራ፥ ከልጆቹና ከልጅ ልጆቹ ጋር አኖረው። ያዕቆብ ለልጁ ቅርብ ሆነ፥ የራሱ ሥራና የራሱ ሰው ግን አልተወሰደበትም። በዚያም 17 ዓመት ኖረ። ሞቱ በቀረበ ጊዜም በአባቶቹ መቃብር እንዲቀብረው ዮሴፍን አስማለው፤ ልጁም መሐላውን ፈጸመ።

የቀረው ደግሞ ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ነው፤ ታሪኩ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ይገኛል። ንጉሥ ዳዊት ከአቤሴሎም ሸሽቶ በስደት ሳለ ይህ ባለጸጋ ሽማግሌ ስንቅ አቅርቦለት ነበር። ንጉሡ ድል አድርጎ ሲመለስ ከእኔ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ውጣና ልጡርህ አለው። የ80 ዓመቱ ሽማግሌ ግን ምላሱ ጣዕም እንደማይለይ፥ ጆሮውም ዘፈን እንደማይሰማ ገልጦ፥ ለንጉሡ ሸክም ከመሆን ይልቅ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ በገዛ ከተማው መሞትን መረጠ። ሆኖም ንጉሡን በር ላይ አልሰናበተውም፤ ዮርዳኖስን ተሻግሮ ጥቂት ሸኘው። በእርሱም ፈንታ አንድ ወጣት አብሮ እንዲሄድ አደረገ። ተሳስመው ተመራርቀው ተለያዩ።

እንግዲህ ከሁለቱ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። ሄዶ የተመቸው ሰው የራሱን ሥራና የራሱን ሰው ይዞ የሄደ፥ ስለ መቃብሩም አስቀድሞ የተነጋገረ ነው። ቀርቶ የተመቸውም ሰው ከሄዱት ጋር ያለውን መንገድ ያልዘጋ ነው። ጉዳቱ ያለው በመሄድ ወይም በመቅረት ብቻ አይደለም፤ ሲሄዱም ሲቀሩም ሌላውን ወገን ቈርጦ በመጣል ነው።

ከምናውቃቸው ሦስት ቤቶች

ይህን በቃል ብቻ እንዳናልፈው ከምናውቃቸው ቤቶች ሦስቱን፥ ስማቸውን ሳንጠራ፥ እንናገራለን።

የመጀመሪያዪቱ በፋርጣ ገጠር የሚኖሩ እናት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ በአዲስ አበባ በመሥሪያ ቤት የምትሠራ ሴት ልጃቸው «ከእንግዲህማ ብቻዎን አይቀመጡም» ብላ ወሰደቻቸው። ላሚቱንና በጎቹን ሸጡ፤ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጡ። የልጃቸው ቤት ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሕንፃዎች ሁሉ አሳንሰር የለውም። ጕልበታቸውን ስለሚያማቸው ከደረጃው የሚወርዱት በሳምንት አንድ ቀን፥ እሑድ፥ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ብቻ ሆነ። ልጃቸው ሳይነጋ ወጥታ ከመሸ ትመለሳለች፤ ሕፃኑም ትምህርት ቤት ይውላል። እንጀራው ነጭ ጤፍ ነው፥ ወጡም አልጎደለም። ጀበናውን ጥደው ግን ለቡናው የሚጠሩት ጎረቤት አላገኙም። እህል የሚያሰጡበት ደጅ፥ ጥጥ እየፈተሉ የሚጫወቱት ሰው የለም። በስድስት ወር ውስጥ ከሱ። ሐኪም ዘንድ ቢወሰዱም በሽታ አልተገኘባቸውም።

አንድ ማታ ለልጃቸው «ልጄ፥ እህሉስ ሞልቶልኛል፤ የጎደለኝ ስሜን የሚጠራኝ ሰው ነው» አሏት። እርሷም ዐዝና «እማዬ፥ እኔስ አለሁልዎ አይደል?» ብትላቸው፥ «አለሽልኝ፤ አንቺ ግን የማታ ነሽ፤ ቀኑ ረጅም ነው» ብለው መለሱላት።

በአሥራ አራተኛው ወር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለመመለስ ያስቻላቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቤታቸውን አለመሸጣቸው ነው፤ ጣራው በአንድ ወገን አፍስሶ ቢቆያቸውም ቤቱ ቤት ነበር። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት ሴት የእርሳቸውን የሰንበቴ ተራ ዳቦውን ጋግረው ጠላውን ጠምቀው ሲያወጡላቸው ቈይተዋል። «ቦታዋ እንዳይያዝባት ብዬ ነው» አሉ፤ ሌላ ምክንያት አልሰጡም። ዛሬ ልጅቱ ውኃ የምትቀዳላቸውን የጎረቤት ልጅ በየወሩ ደመወዝ ትከፍላታለች፤ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ትደውላለች፤ ለቡሄም ሕፃኑን ይዛ ትመጣለች።

ሁለተኛው ቤት በደብረ ታቦር ከተማ ያሉ ባልና ሚስት ናቸው። ባልዮው ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምረው በጡረታ የተሰናበቱ ናቸው፤ ሚስታቸው የስኳር ሕመም አለባቸው። ባልየው በባሕር ዳር ከሚኖረው ልጃቸው ዘንድ ለመሄድ አሰቡ። «ሌሊት ብትታመሚ መኪና ስፈልግ ልደር ነውን?» ይላሉ። ሚስቲቱ ደግሞ «አንቱስ በዚያ ቢታመሙ ማን ሊጠይቅዎ ነው? ማኅበርተኛው ሁሉ እዚህ አይደለምን?» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። በመጨረሻ የልጃቸውን የንስሐ አባት ሳይቀር ጨምረው ተማከሩና ሦስተኛ መንገድ አገኙ። ከልጃቸው ቤት ሳይገቡ፥ በእርሱ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራዩ። ከጥምቀት በኋላ ይወርዳሉ፤ ለፋሲካ ይመለሳሉ። የደብረ ታቦሩን ቤት የጓሮ ክፍሎች ለአንድ ወጣት መምህር አከራይተው እርሱ ይጠብቅላቸዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት በተነሣ ጊዜ መንገድ እየተዘጋ መውረድ ተስኗቸው ተጨንቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ መድኃኒታቸውን ሐኪም በፈቀደው መጠን አስቀድመው ይይዛሉ።

ሦስተኛው በእስቴ የነበሩ አንድ አባት ናቸው። ልጃቸው ደጋግሞ ቢለምናቸው «ከአባቴ ቤት አልወጣም» ብለው ጸኑ። ማንም ሊነቅፋቸው አይችልም። ነገር ግን ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ሲኖሩ በአንድ ሌሊት ከደጃፋቸው ወድቀው ጭናቸው ተሰበረ፤ ጎረቤት ያገኛቸው ሲነጋ ነው። በእግራቸው ያልሄዱትን መንገድ በቃሬዛ ሄዱት። ዛሬ ከልጃቸው ቤት ናቸው፤ ከአልጋ ሳይርቁ ስለሚውሉ ከተማዪቱንም፥ ደብሯንም፥ ጎረቤቱንም አያውቁም። «መምጣቴ ካልቀረ በእግሬ ሳለሁ በመጣሁ፤ ሰውም በለመድሁ ነበር» ይላሉ።

ሊመዘኑ የሚገባቸው ነገሮች

ከእነዚህ ቤቶች ኑሮ ተነሥተን አምስት ነገሮችን ለሚዛን እናቀርባለን።

አንደኛው ገንዘብ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 209 ከተደነገገ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1267 ነው። በስሌቱ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ከመቶ 30 ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 1.25 ይጨመርለታል፤ ጣሪያውም ከመቶ 70 ነው። ስለዚህ 35 ዓመት ያስተማረ መምህር አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ቢሆን ጡረታው 6,125 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በደብረ ታቦር በራስ ቤት ለሚኖር ሰው አንድ ዐይነት ክብደት አለው፤ በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው ሌላ። ይልቁንም ብዙ ሰው የሚዘነጋው አለ። ባል ቢቀድም ለሚስት የሚተላለፈው የጡረታው ግማሽ ነው፤ በምሳሌያችን 3,062 ብር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው። ስለዚህ ምክሩ ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ስለሚሆነው ብቻ ሳይሆን፥ አንዱ ብቻውን ሲቀር ስለሚሆነውም ይሁን።

ሁለተኛው ቤትና መሬት ነው። በአገራችን ሕግ መሬት አይሸጥም፤ ገበሬው ግን ይዞታውን ማከራየትና ማውረስ ይችላል። የገበሬው ጡረታ ይህ መሬት ነው። ለረጅም ጊዜ ከአካባቢው የሚርቅ ሰው መብቱ እንዳይናጋበት ከመሄዱ በፊት የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ ከአራሹ ጋር የሚዋዋለውንም በጽሑፍ ያድርግ፥ የይዞታ ደብተሩንም በደኅና ያኑር። የከተማ ቤት ያለው ደግሞ ለመሸጥ አይቸኵል። የተሸጠ ቤት ገንዘብ በልጆች ችግር መካከል ቶሎ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌው ቤትም ገንዘብም የሌለው እንግዳ ይሆናል። የጋራ ቤት ያለ ባልና ሚስት ሁለቱ ፈቃድ እንደማይሸጥም ይታወቅ።

ሦስተኛው ጤናና አየር ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት፤ ከላይዋም ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው ጉና አለ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለአረጋዊ አጥንት ጽኑ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ሰው ከዚህ ያርፋል። ይሁን እንጂ ባሕር ዳርና የፎገራ ሜዳ በ1,800 ሜትር አካባቢ ያሉ ስለ ሆኑ ወባ አለባቸው፤ ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች የሚገኝ በሽታ ነውና፥ በደጋ ያረጀ ሰው ሰውነቱ አልለመደውም። ስለዚህ ቈላ የሚወርድ ደገኛ አጎበሩን አይርሳ፤ ትኵሳትንም አይናቅ። ስለ ሕክምና እንደ ሆነ ደብረ ታቦር የራሷ ሆስፒታል አላት፤ ለከፍተኛ ሕክምና ግን ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን፥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ያስፈልጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በክልላችን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ የእኛው ፎገራ ነበር። አባልነቱ በሚኖሩበት ቀበሌ የሚመዘገብ በመሆኑ፥ የሚሄድ ሰው በአዲሱ ስፍራ እንዴት እንደሚታከም አስቀድሞ ይጠይቅ።

አራተኛው ቤተ ክርስቲያንና ማኅበር ነው። ለእኛ ይህ ከሌሎቹ የሚያንስ አይደለም። በአጥቢያው የታወቀ ሰው የንስሐ አባቱ ቤቱን ያውቃል፤ በጾም ቢደክም፥ ቍርባን ቢያሻው፥ ይጠይቀዋል። እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፤ ማኅበርተኛው ለዝክሩ ይደርሳል። ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ ከዕቃው ጋር ተጭኖ አይሄድም። በአዲሱ እድር መግቢያ ይጠየቃል፤ ያም እድሩ ባጠራቀመው ገንዘብ ልክ ከፍ ይላል። በአዲሱ ደብርም በሰበካ ጉባኤ መመዝገብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሂያጁ ከአጥቢያው ማስረጃ ይዞ ይሂድ፤ በደረሰም ሰሞን የንስሐ አባት ይያዝ፤ የቀድሞውን እድርና ሰንበቴም ቢችል አያቋርጥ። የት እንደሚቀበርም እንደ ያዕቆብ ይናገር። ይህን መናገር ሟርት አይደለም። ያልተነገረ ከሆነ ግን በኀዘን ቀን ልጆችን ያጣላል፤ ሬሳ ይዞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝም ለድኻ ልጅ የዕዳ መጀመሪያ ነው።

አምስተኛው ሥራ ነው። አረጋዊ ሰው የሚጠፋው ምግብ ሲያጣ ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቀው ጕዳይ ሲያጣም ነው። ወደ ልጁ ቤት የሚሄድ አባት «በዚያ ጧት ተነሥቼ ምን እሠራለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። የልጅ ልጆቹን ፊደልና ዳዊት ሊያስተምር፥ በደብሩ ሊያገለግል፥ ጓሮ ሊኮተኵት ይችል እንደ ሆነ መልካም። እንዲሁም የሚቀረው ይጠይቅ። በአገሩ ሽማግሌ ሆኖ ጠብ የሚያበርድ፥ በእርቅ የሚፈለግ ሰው ቢሄድ ሰፈሩ ይጐዳል። ጋይንት የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሆነችውን ዙር አምባን፥ የድጓ ምስክር የሆነችውንም ቤተ ልሔምን ይዛ እስከ ዛሬ የቈየችው ሽማግሎች መምህራን በስፍራቸው ስለ ጸኑ አይደለምን?

ባሕር ማዶ ላሉ ልጆች ወላጆች አንድ ቃል እንጨምር። በአሜሪካ ዜጋ የሆነ ልጅ ወላጁን በመኖሪያ ፈቃድ ሊወስድ ይችላል። ነገር ግን ፈቃዱን የያዘ ሰው ያለ ልዩ ማስፈቀጃ ከአንድ ዓመት በላይ ወደ ውጭ ቢቈይ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል፤ ለአረጋውያን የሚሆነውም የመንግሥት ሕክምና መድን ለአዲስ ገቢ ቢያንስ የአምስት ዓመት ነዋሪነት ይጠይቃል። ግማሹን ዓመት እዚህ ግማሹን እዚያ እሆናለሁ የሚል ሰው እንግዲህ ሕጉንም ኪሱንም ይመርምር። የልጅ ልጅ ለማሳደግ ተብሎ የሚደረግ ጕዞም ከሆነ በግልጥ ይነገር፤ እናት ሳታውቀው ሞግዚት አትሁን።

ለልጆች የምንለው

ልጆች ሆይ፤ ወላጅን ማክበር ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ ነው፤ የአገራችንም ሕግ ችግር ላይ የወደቀ ወላጅን መቀለብ የልጅ ግዴታ መሆኑን ደንግጓል። ነገር ግን ማክበር ማለት ወስዶ በቤት ማስቀመጥ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ልጅ ወላጁን የሚወስደው ሰው እንዳያማው ነው፤ ሌላው ደግሞ ገንዘብ ስለ ላከ ብቻ የጦረ ይመስለዋል። ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቁ፥ መልሱንም ስሙ። ባልና ሚስትም አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ አማትና ምራት በአንዲት ጠባብ ማጀት ሲጋፉ የሚቀዘቅዘው የወላጅ ፍቅር ብቻ ሳይሆን የራሳችሁም ትዳር ነው። ከወሰዳችኋቸው በኋላ ምድር ቤት ወይም ዝቅተኛ ፎቅ ፈልጉ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ሰው መድቡ፤ የአገራቸውን ሰው አገናኙአቸው። በአገር ከቀሩም ጣራቸውን አድሱ፤ ውኃ የሚቀዳና ሌሊት የሚያድር ሰው ቅጠሩ፤ የእድራቸውን ክፍያ እናንተ ቻሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ፥ ለቡሄም ሆነ ለፋሲካ፥ ፊታችሁን አሳዩአቸው። ወንድምና እኅትም ሸክሙን በጽሑፍ ተካፈሉት፤ «እገሌ ያደርገዋል» የተባለ ነገር ማንም አያደርገውምና።

ልጅ የሌላቸውንም አንርሳ። በአዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያን መርጃዎች ጧሪ ያጡትን ሰብስበው ይረዳሉ። በየአጥቢያችን ግን እንዲህ ያለ ሰው ሳይሰደድ በደጁ የሚጦርበትን መንገድ ሰበካ ጉባኤና ማኅበራት ቢያስቡ በረከቱ ለራሳችን ነው።

በአጭሩ

ለሚመካከሩ ወላጆች ይህን እንመክራለን። ምክሩን ሁለታችሁም በእግራችሁ ሳላችሁ ጀምሩ፤ ሕመም ወይም ኀዘን በገባ ሳምንት ቤት የሚያፈርስ ውሳኔ አትወስኑ። ለመሄድ ካሰባችሁ ክረምቱንም በጋውንም ጾሙንም ፍስኩንም እስክታዩት ድረስ አንድ ሙሉ ዓመት ተቀምጣችሁ ሞክሩት፤ እስከዚያ ቤታችሁን አትሽጡ፥ የሰንበቴ ቦታችሁንም አደራ ስጡ። አዲስ አበባ ወይም እዚሁ ብቻ አትበሉ፤ በመካከል ወረታ አለች፥ ባሕር ዳር አለች፤ ከገጠር ወደ ደብረ ታቦር መውጣትም አንድ መንገድ ነው። ከልጅ ጋር በአንድ ቤት ከመኖር ይልቅ በአንድ ሰፈር መኖር ብዙ ጊዜ ሰላም አለው። ለመቅረት ከወሰናችሁ ደግሞ ሌሊት የሚሰማችሁ ሰው ሳይኖር አትቅሩ፤ ብቸኝነት ጀግንነት አይደለም።

ከሁሉ በላይ በልጅና በወላጅ መካከል ያለው በር ከሁለቱም ወገን ተከፍቶ ይኑር። ያዕቆብን ወደ ጌሤም ያደረሰ፥ ቤርዜሊን በከተማው ያሳረፈ እግዚአብሔር፥ ለሚሄዱት መንገዱን ያቅናላቸው፤ ለሚቀሩት ጎረቤቱን ያቆይላቸው፤ ለሁላችንም የተባረከ ሽምግልና ይስጠን።